ገበሬው፣ ቍጥርና ወቅት

የእርሻ ሥራ ከሌሎች ሥራዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በእርሻ ላይ የተሠራ ስሕተት የሚታረመው ዓመት ከዞረ በኋላ መሆኑ ነው። ጸሐፊ የተሳሳተውን ቃል ሰርዞ ወዲያውኑ ሌላ ይተካል፤ ነጋዴም ዛሬ የጎደለበትን ነገ እሞላዋለሁ ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ገበሬ ግን በሰኔ ያመለጠውን የዘር ቀን በነሐሴ ፈልጎ አያገኘውም፤ በመስከረም በስንዴው አገዳ ላይ ሳያየው የቀረውንም በሽታ በታኅሣሥ አውድማው ላይ በጎደለ ቁና ይቆጥረዋል። እንግዲህ ለገበሬ ዕውቀት ማለት በጊዜው የደረሰ ዕውቀት ማለት ነው። ወቅቱ ያለፈበት ምክር በታላላቅ ሊቃውንት የተጻፈና ፍጹም ትክክለኛ እንኳ ቢሆን፣ ከአጨዳ በኋላ እንደሚዘንብ ዝናብ ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ እርሻና ስለ ዲጂታል መሣሪያዎች ጥቂት ለማውሳት የተነሣነው ይህንኑ በማሰብ ነው። «ዲጂታል» የሚለው ቃል በየስብሰባው አዳራሽና በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ዘወትር ይሰማል፤ ትርጉሙ ግን እንደ ዝናው የራቀ አይደለም። ድምፅም ቢሆን ሥዕል፣ የአፈር ጠባይም ቢሆን የዝናብ መጠን፣ ማናቸውንም ነገር ወደ ቍጥር መልሶ መያዝ ማለት ነው። ኮምፒዩተር ያን ቍጥር በ0ና በ1 ብቻ እየጻፈ ያከማቻል፤ አንዱን ከሌላው ያነጻጽራል፤ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገርም በቅጽበት ያስተላልፋል። በዚህ መልክ የተሰበሰበውን ወሬ ፈረንጆች «ዳታ» ሲሉት እኛ «መረጃ» እንለዋለን። ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ልንጠይቅ የሚገባን ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ይህ ቍጥር ከማን ተነሥቶ ለማን ይደርሳል? ደግሞስ መቼ ይደርሳል?

ገበሬውም መዝገብ ነበረው

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ አሳብ ማረም ያስፈልጋል። በከተማ የተማርን ወጣቶች ብዙውን ጊዜ መረጃ የሚባለው ነገር ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ የመጣ ይመስለናል። የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ያለ መረጃ አርሶ አያውቅም። አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ከፍሎ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ዘር ለይቶ ያውቃል። መሬቱንም ዋልካ፣ ቀይ፣ ጨንጫ እያለ ይጠራዋል። ዋልካ በክረምት ውኃ ቋጥሮ የሚያስቸግር፣ በበጋ ደግሞ የሚሰነጣጠቅ አፈር መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ዝናሙ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። ይህ ሁሉ በብዙ ትውልድ የተፈተነ ዕውቀት ነው፤ የተጻፈውም በሽማግሌዎች አእምሮ ውስጥ ነው።

የዚህ መዝገብ ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከመንደር አልፎ አለመሄዱ ነው። በአንዱ ወረዳ የታየው በሽታ ለጎረቤቱ ወረዳ የሚነገረው አንድም በገበያ ቀን፣ አንድም በሽታው ራሱ ሲደርስ ነው። ሁለተኛው ጉድለት የመለኪያው አለመስተካከል ነው። ለምሳሌ ያህል ጥማድን እንውሰድ። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ብዙ ጊዜም 4 ጥማድ 1 ሄክታር ያህላል ይባላል። ነገር ግን የጠነከሩ በሬዎች ጥማድና የከሱ በሬዎች ጥማድ፣ የለሰለሰ አፈር ጥማድና የዋልካ ጥማድ እንዴት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ? ማዳበሪያው በኪሎ ተመዝኖ መጥቶ መሬቱ በጥማድ ሲገመት ሒሳቡ ከመነሻው ይፋለሳል። ገበሬው ወይ ገንዘቡን በትርፍ ማዳበሪያ ይጨርሳል፣ ወይ መሬቱን ያስርበዋል።

በዚህ ረገድ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ታላቅ ሥራ ትሠራለች። ዛሬ በብዙ የእጅ ስልኮች ውስጥ የሚገኘው ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው መሣሪያ ከሰማይ ከሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት ያለበትን ቦታ ያሰላል። አንድ ሰው ይህን ይዞ የማሳውን ድንበር ዞሮ ቢመለስ መሣሪያው ስፋቱን በሄክታር ይነግረዋል። ቀድሞ በገመድና በኮምፓስ ብዙ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ልኬታ አሁን ድንበር ዞሮ በመመለስ ያልቃል። ማሳው በጣም አነስተኛ ሲሆን የመሣሪያው ስሕተት ከፍ እንደሚል ግን ማስታወስ ያሻል፤ መሣሪያ ሁሉ ልክ አለው፤ ልኩን የማያውቅ ባለሙያም ከመሣሪያው የባሰ ያሳስታል።

አፈርን በብርሃን ማንበብ

ለአያሌ ዓመታት በአገራችን ለገበሬው የሚሰጠው የማዳበሪያ ምክር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፤ ለ1 ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ዩሪያ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ዳፕም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጣል። ምክሩ ለማስታወስ ቀላል ነበር፤ ማዳበሪያውን ገዝቶ ለማከፋፈልም ይመች ነበር። ነገር ግን የጎጃም ቀይ አፈርና የአዳአ ዋልካ አንድ መድኃኒት ይታዘዝላቸው ነበር ማለት ነው። ራሱን ላመመውም፣ ሆዱን ላመመውም አንድ ዓይነት ክኒን የሚሰጥ ሐኪም ቢገኝ ምን እንደምንለው አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በ2004 ዓ/ም ይህን ለማረም የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት፣ በአጭር ስሙ «ኢትዮሲስ» የተባለው ሥራ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት ተጀመረ፤ ይህም ኤጀንሲ በአሁኑ ጊዜ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ተብሎ ይጠራል። ባለሙያዎቹ በየወረዳው እየዞሩ የአፈር ናሙና ሰበሰቡ፤ እያንዳንዱም ናሙና የተነሣበት ቦታ በጂ.ፒ.ኤስ. ተመዘገበ። ናሙናው ከደረቀ፣ ከተወቀጠና ከተነፋ በኋላ በዓይን የማይታይ ብርሃን ይበራበታል። በአፈሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ከብርሃኑ የየራሱን ድርሻ ይውጣል፤ የቀረውን ይመልሳል። መሣሪያው የተመለሰውን ብርሃን ይለካል፤ ኮምፒዩተሩም በተለመደው የኬሚስትሪ ዘዴ አስቀድሞ ከተመረመሩ ናሙናዎች ጋር እያስተያየ የአፈሩን ጠባይ ይገምታል። በመጨረሻም ይህ ከሳተላይት ሥዕል ጋር ተዋሕዶ የአገሪቱ የአፈር ካርታ ተዘጋጀ።

ካርታው ምን አሳየ? ብዙው የኢትዮጵያ እርሻ መሬት ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ በቀር ሌላም የሚጎድለው ነገር እንዳለ አሳየ። በብዙ ስፍራ ድኝና ቦሮን፣ በአያሌ ቦታም ዚንክ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ፖታሲየም ጎድሎ ተገኘ። ከዚህ የተነሣ ዳፕ ቀርቶ ድኝ የተጨመረበት ኤን.ፒ.ኤስ. የተባለው ማዳበሪያ በምትኩ ወደ ገበሬው መድረስ ጀመረ።

ነገር ግን በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ካርታ የጎደለውን ያሳያል እንጂ የጎደለው ሲሞላ ምርቱ በስንት ኩንታል እንደሚጨምር አይናገርም። ይህን የሚናገረው በማሳ ላይ የሚደረገው ፈተና ብቻ ነው። ለምሳሌ በተዳፋት አገር በተደረገ ምርምር እንደ ታየው፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ በኮረብታው ወገብ ላይ ያለው ማሳና በግርጌው ያለው ማሳ ለአንድ ዓይነት ማዳበሪያ የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ከላይ ያለው አፈሩ ተጠርጎበት ቀጥኗልና የተጨመረለትን አይጠቀምበትም፤ ከታች ያለው ግን አፈሩም እርጥበቱም ስለሚበቃው ማዳበሪያውን ወደ ፍሬ ይለውጠዋል። የአፈር መምጠጥም ሌላው ምክንያት ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን በውስጡ ያለው አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሰብሉ ሊደርስበት አይችልም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ኖራ ሳይጨምሩ ማዳበሪያ ብቻ መበተን ውኃን በወንፊት እንደ መቅዳት ይሆናል። ገበሬው ይህን ልዩነት በኮረብታው ሲወጣና ሲወርድ ያየዋል፤ እንግዲህ የካርታው ሊቅና የማሳው ሊቅ ተገናኝተው መነጋገር አለባቸው።

ከሰማይ የሚመለከት ዓይን

መሬትን ከሰማይ መመልከት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ላንድሳት የተባለችው የመጀመሪያዋ የመሬት መመልከቻ ሳተላይት ከአሜሪካ የተላከችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። የአውሮፓ አገሮች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2015ና በ2017 ሴንቲኔል 2 የተባሉትን ሁለት ሳተላይቶች ላኩ። የዚህ ወገን ሳተላይቶች እየተፈራረቁ አንዱን ቦታ በየ5 ቀኑ ይጎበኙታል፤ በሥዕላቸውም ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ እንደ አንዲት ነጥብ ይታያል። ሥዕሉ ያለ ክፍያ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። የእኛ ገበሬ የሩብ ሄክታር ማሳ በዚህ ሒሳብ 25 ነጥብ ያህል ይሆናል ማለት ነው። አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ/ም ከቻይና ምድር የመጀመሪያዋን ሳተላይቷን ወደ ሰማይ ልካለች፤ ከታሰበላትም ሥራ አንዱ ለእርሻ የሚረዳ ሥዕል ማንሣት ነበር።

ሳተላይት የሰብልን ጤንነት እንዴት ያውቃል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለቅጠል አረንጓዴ መልክ የሚሰጠው ሐመልሚል የተባለው ነገር ቀይ ብርሃንን ለምግብ መሥሪያ ይውጠዋል። ከቀይ ቀጥሎ ያለውን፣ በሰው ዓይን የማይታየውን ብርሃን ግን ጤነኛ ቅጠል አብዝቶ ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ሰብሉ ሲጠማ ወይም ሲታመም ይህ ሚዛን ይለወጣል። ሳተላይቱ ሁለቱን ብርሃኖች ይለካል፤ ኮምፒዩተሩም አንዱን ከሌላው አነጻጽሮ ማሳው የቱ ጋ እንደ ደከመ በካርታ ያሳያል። ለውጡ ብዙ ጊዜ ለዓይናችን ከመታየቱ በፊት በቍጥሩ ሊታይ ይችላል።

ይሁን እንጂ ለኢትዮጵያ አንድ ፈተና አለባት። ሰብላችን የሚያድገው በክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ ደመና ነው። ሳተላይቱ በየ5 ቀኑ ቢመጣም ብዙ ጊዜ የሚያነሣው የደመናውን ጀርባ ነው። ለዚህም መፍትሔ አልታጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተልኮ የነበረው የሴንቲኔል 1 ወገን ሳተላይት እንደ ራዳር የራሱን ሞገድ እየላከ በደመና ውስጥ አልፎ ያያል። ነገር ግን የራዳሩን ሥዕል ማንበብ ልዩ ትምህርት ይጠይቃል። እንግዲህ በየኮሌጁ ያላችሁ ተማሪዎች ልብ በሉ፤ ሥዕሉ በነጻ ይገኛል፤ የጎደለው የሚያነበው ሰው ነው።

የስንዴ ዋግና የነፋሱ መንገድ

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን መረጃ በሕይወት ላይ ያለውን ዋጋ ከምንም በላይ የሚያሳየው የስንዴ ዋግ ታሪክ ነው። ዋግ ሻጋታ መሰል ሕዋስ ያለው የሰብል በሽታ ነው፤ ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሆኖ በነፋስ ይሄዳል። እርጥበት ካገኘ ቅጠሉን ወይም አገዳውን ወግቶ ይገባል፤ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜም ውስጥ አዲስ ትቢያ አፍርቶ እንደ ገና ለነፋስ ይሰጣል። ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ካሉት የአፍሪካ አገሮች ሁሉ የበለጠ ስንዴ የምታመርት አገር ስለ ሆነች፣ ይህ በሽታ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም።

በ2002 ዓ/ም ክረምትና በ2003 ዓ/ም መግቢያ ላይ ቢጫ ዋግ የሚባለው ተነሥቶ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን፣ በስፋት ይዘሩ የነበሩትን የስንዴ ዓይነቶች እጅግ ጎዳ። ገበሬው ከዚህ መከራ ሸሽቶ ዲጋሉ የተባለውን ስንዴ ያዘ። ዲጋሉ ቢጫውን ዋግ ይቋቋም ነበር፤ በኡጋንዳ ተገኝቶ «ዩ.ጂ. 99» የሚል ስም የተሰጠውን፣ የዓለምን የስንዴ ሊቃውንት ሁሉ ያስጨነቀውንም የአገዳ ዋግ ይቋቋም ነበር። ሁሉም እፎይ አለ። ነገር ግን በ2006 ዓ/ም መኸር ከዩ.ጂ. 99 ወገን ያልሆነ ሌላ የአገዳ ዋግ በባሌና በአርሲ ተነሣ፤ ዲጋሉም ለዚህኛው መድን አልነበረውም። ብዙ ማሳ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። አንድ በር ሲጠበቅ ጠላት በሌላ በር ገባ ማለት ይህ ነው።

ከዚህ መከራ የተገኘው ትምህርት፣ በሽታን የሚቋቋም ዘር መፈለግ ብቻውን እንደማይበቃና በሽታውን በየጊዜው መከታተል እንደሚያስፈልግ ነው። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲው፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ተባብረው አንድ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋሙ፤ በ2009 ዓ/ም ክረምትም በሥራ ላይ ዋለ።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። በየአገሩ የሚዘዋወሩ የመስክ ባለሙያዎች ማሳ ውስጥ ገብተው አገዳውንና ቅጠሉን ይመረምራሉ፤ ዋግ አለ ወይስ የለም፣ ካለስ ምን ያህል ነው የሚለውን ከቦታው ምልክት ጋር በእጅ ስልካቸው ሞልተው ይልካሉ። ይህ ወሬ ወደ ብሪታንያ ሲደርስ «ኔም» ለተባለ የኮምፒዩተር ስሌት ይሰጣል። የዚህ ስሌት አመጣጥ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በቼርኖቢል የአቶም ኃይል ጣቢያው በፈነዳ ጊዜ መርዙ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሲባል የተጀመረ ሥራ ነው። በኋላም የእሳተ ገሞራ አመድ የሚሄድበትን መንገድ ለማወቅ ረዳ። አሁን ደግሞ የዋግ ትቢያ ከአንድ ማሳ ተነሥቶ በሚመጣው ሳምንት የት ሊያርፍ እንደሚችል፣ በዚያስ ቦታ በሽታውን የሚያበቅል እርጥበት ይኖር እንደ ሆነ ያሰላል። ውጤቱም ተመልሶ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣና ለባለሙያዎችና ለገበሬዎች ይነገራል።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህን መንገድ ርዝመት እስቲ ተመልከት። ከአርሲ ማሳ ተነሥቶ ብሪታንያ፣ ከብሪታንያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ተመልሶ አርሲ። ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ጸረ ዋግ መድኃኒት የሚጠቅመው በሽታው ሲጀምር ሲረጭ ነው፤ አገዳው ከቆሰለ በኋላ መርጨት ገንዘብን በመሬት ላይ ማፍሰስ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው፤ የዘገየ ማስጠንቀቂያን ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሉታል። ሳተላይቱም፣ ስሌቱም፣ ስልኩም ቢኖር፣ በመካከል አንድ ደብዳቤ ለፊርማ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ቢያድር፣ ነፋሱ ፊርማ አይጠብቅም።

ምክሩ በምን አፍ ይመለስ

መረጃ ከገበሬው ከወጣ በኋላ ወደ ገበሬው የሚመለስበት መንገድ ከሁሉ የጠበበው ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው በፈረንጅ ቋንቋ የተሳለ ካርታ ቢሰጡት ለግድግዳ ጌጥ እንኳ አይሆነውም። በዚህ ረገድ በ2006 ዓ/ም መጨረሻ የተከፈተው 8028 የተባለው የስልክ መስመር ጥሩ ምሳሌ ነው። ገበሬው ከተራ የእጅ ስልኩ ያለ ክፍያ ይደውላል፤ ቋንቋውን ይመርጣል፤ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም የተቀዳ ምክር በገዛ ቋንቋው በድምፅ ይሰማል። መስመሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች አገልግሏል፤ እንደ ዋግ ያለ አደጋ ሲነሣም ማስጠንቀቂያ ተላልፎበታል። የዚህ ዘዴ ብልህነቱ ገበሬው ከያዘው ስልክና ከሚናገረው ቋንቋ መነሣቱ ነው። አዲስ ነገርን አሮጌ ወዳጅ ይዞት ሲመጣ ቶሎ ይለመዳል።

ሆኖም ይህም ብቻውን አይበቃም። በብዙ ቤት ስልኩ ያለው በባል ኪስ ውስጥ ነው፤ አረሙን የምታርም፣ ዘሩን መርጣ የምታኖር፣ ጎተራውን የምትጠብቅ ግን ሚስት ናት። ምክሩ ለእርሷ ካልደረሰ እርሻው ግማሽ ጆሮ ብቻ አለው ማለት ነው። እንደዚሁም የተቀዳ ድምፅ ተመልሶ አይጠየቅም። ገበሬው «የእኔ ማሳ ግን ዳገት ላይ ነውና እንዴት ላድርግ?» ቢል የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል። ያም ሰው የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። እንግዲህ መሣሪያው የሰውን ቦታ አይወስድም፤ ይልቁንም ሰውየው የሚሰጠው ምክር የጠራ እንዲሆን ያግዘዋል።

የአንዲት ቅጽ ክብደት

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በየወረዳውና በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ የሚሞሉ፣ የተሞላውን የሚሰበስቡ፣ የተሰበሰበውን የሚደምሩ ናቸው። ስለዚህ አንዲት ቅጽ ምን ያህል እንደምትመዝን በሒሳብ እናሳይ።

የሰብልን ምርት ለመገመት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ከማሳው ውስጥ በዕጣ በተመረጠ ስፍራ 4 ሜትር በ4 ሜትር ለክቶ፣ በዚያ ያለውን ሰብል አጭዶ፣ ወቅቶና አድርቆ መመዘን ነው። ይህ 16 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ በውስጡ 625 እንዲህ ያለ ቦታ ይገኛል። ስለዚህ መዛኙ በቸልታ 100 ግራም ብቻ ቢሳሳት፣ ስሕተቱ በ1 ሄክታር ላይ 62 ኪሎ ተኩል ይሆናል። በ1,000 ሄክታር ላይ ሲሰላ 625 ኩንታል እህል ይደርሳል። በወረቀት ላይ ያለ፣ በጎተራ ግን የሌለ 625 ኩንታል ማለት ነው! በዚህ ቍጥር ላይ ተመሥርቶ የእርዳታ እህል ሊቀር፣ የገበያ ዋጋ ሊወሰን፣ የሚመጣው ዓመት ዘርና ማዳበሪያ ሊታዘዝ ይችላል። በአንድ እፍኝ የተጀመረ ቸልታ በአንድ ወረዳ ረኃብ ሊጨርስ ይችላል።

በቸልታ የተሳሳተው እንዲህ ከሆነ፣ ማሳውን ሳይረግጥ ቡና ቤት ተቀምጦ ቅጹን የሚሞላው፣ ወይም አለቃው ደስ እንዲለው ቍጥሩን ከፍ የሚያደርገውስ ምን ይባላል? ድሮ እንዲህ ያለ ሐሰት በአንድ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተሩ ከሌላው ጋር ደምሮ፣ በቀለም አስጊጦ፣ እንደ እውነት አድርጎ ያቀርበዋል። ኮምፒዩተር እንደ ወፍጮ ነው፤ እንክርዳድ ለሰጠው የእንክርዳድ ዱቄት ይሰጠዋል፤ ዱቄቱም ነጭ ስለ ሆነ ማንም አይለየውም።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። የልማት ሠራተኛው በየዓመቱ ወደ ገበሬው ቤት ይሄዳል፤ ስንት በሬ፣ ስንት ጥማድ፣ ስንት ኩንታል እያለ ይጠይቃል። አንድ ቀን ገበሬው ቀና ብሎ፣ «ልጄ፣ አምና የነገርኩህን ጽፈህ ሄድህ፤ ካቻምናም ጽፈህ ሄድህ። የጻፍኸው ምን ደረሰ? ለእኔስ ምን ይዞልኝ መጣ?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል? ይህ ጥያቄ የሚገባ ነው። ገበሬው የሰጠው መረጃ ከማሳው እንደ ተወሰደ ምርት ነው፤ ለምን እንደ ተወሰደ ሊነገረው፣ ያለ ፈቃዱም ለነጋዴ ወይም ለሌላ ወገን እንዳይተላለፍ ሊጠበቅለት ይገባል። ምንም ያልተመለሰለት ገበሬ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ቢሰጋና ምርቱን ቀንሶ፣ ወይም እርዳታ አገኛለሁ ብሎ ችግሩን ጨምሮ ቢናገር አይፈረድበትም። እውነተኛ መረጃ የሚገኘው በመተማመን ነው፤ መተማመንም የሚገኘው ከሰጡት ላይ ሲመለስ በማየት ነው።

ስለዚህ በእርሻ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ለሚሠራ ወጣት ባለሥልጣን ሦስት ነገር እንዲያስብ እናሳስባለን። ቅጽ ከማዘጋጀቱ በፊት፣ ይህ ጥያቄ ለገበሬው ምን መልስ ያስገኝለታል ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ መልስ የማያስገኘውን ጥያቄ ይሰርዝ። ቅጹ ከተሞላ በኋላ፣ ከአሥሩ አንዱን እንኳ በእግሩ ሄዶ፣ ማሳውን ረግጦ ያረጋግጥ። ውጤቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሪፖርቱን ለአለቃው ባቀረበበት ሳምንት ለቀበሌውም በቀበሌው ቋንቋ ያቅርብ። ለተማሪዎችም የምንለው አለን፤ ኮምፒዩተርን የምታጠኑ ጥቂት ስለ አፈር ተማሩ፤ እርሻን የምታጠኑም ጥቂት ስሌት ተማሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ወንዝ ድልድይ የሚፈልግበት ጊዜ ዛሬ ነው።

ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የራሱን ድርሻ ሲሠራ ኖሯል፤ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ሰማዩን ይመለከታል። አሁን ሰማዩን የሚመለከቱለት ሌሎች ዓይኖች ተገኝተዋል። እነዚያ ዓይኖች ያዩትን ሳይዘገይና ሳይጨመርበት ለእርሱ ማድረስ ግን የተማረው ልጁ ሥራ ነው። የሚመጣው ሰኔ ሩቅ አይደለም፤ ቅጹም በጠረጴዛችን ላይ ነው።